መረዋው ዐለት የተመታ ዕለት

ዕድሜዬ ሰማንያን አልፏል። የንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ሁሉ ያውቃሉ፤ የተሰጠኝንም ቀኖና ፈጽሜአለሁ። ነገር ግን ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር እዚያው ተዘግቶ ይቀራል፤ በሕዝብ ፊት ስሙ የጎደፈ ሰው ግን ስሙ የሚመለስለት በሕዝብ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የእጄ መንቀጥቀጥ ሳይብስብኝ አንዲቱን ቀን እንደ ነበረች ልጽፋት ተነሣሁ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ እስከ ፍጻሜው ታገሡኝ።

በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። ከይጁቤ ገበያ አልፎ ምድሩ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቅበት አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ደብር ቅኔ እቆጥር ነበር። መምህራችን የኔታ ገብረ ጻድቅ ይባላሉ። ዓይናቸው በእርጅና ፈዝዟል፤ ጆሮአቸው ግን የሚያስፈራ ነበር። አርባ ተማሪ በአንድነት ሲያዜም «ከግራ ሦስተኛው፣ ጉሮሮህን አጽዳ!» ይላሉ። ሦስተኛው ልጅ ክው ይላል፤ እኛ እንሥቃለን። ከተማሪዎቹ መካከል የምወደደው እኔ ነበርሁ፤ የምወደድ መሆኔንም አሳምሬ አውቅ ነበር። ጥፋቴ የበቀለው ከዚህ ነው።

ደብራችን የብረት ደወል አልነበራትም። የነበረን መረዋ ነው፤ ይኸውም በጠፍር ተንጠልጥሎ በጠጠር የሚመታ ስስ የድንጋይ ሰሌዳ ነው። አባቶች ይህን ሰሌዳ ፈልጠው ያወጡት ከግማሽ ቀን ቁልቁለት በኋላ፣ በቆላው ወንዝ ዳር ከሚገኝ አንድ ዐለት ነው። ያ ዐለት ከገደሉ እንደ ምላስ ወጥቶ፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ የቆመ ስለ ነበረ፣ በተፈጠረበት እንዳለ ሲመታም ይጮኽ ነበር። እንደ ብረት አይደለም፤ ከብረት ይለሰልሳል፤ ግን ሸለቆውን ሞልቶ ይሄዳል።

ጠላት አገራችንን ከያዘ ወዲህ ወታደር መጣ በተባለ ቁጥር ሕዝቡ ታቦቱን ይዞ በወንዙ ማዶ፣ ከዚያው ዐለት ፊት ለፊት ባለው ዋሻ ይገባል። የዋሻውን አፍ ቁጥቋጦ ስለሚጋርደው ለማያውቅ ሰው አይታይም። ወታደሩ ሲሄድ ሕዝቡን የሚጠራ አንድ ሰው ውጭ መቅረት ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቤ እንደ ማንኛውም ተማሪ ቁራሽ ለማኝ መስዬ እዞራለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወርጄ ዐለቱን ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደርስ ጊዜ ዝም እላለሁ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ እደግማለሁ። ምልክቱ ይህ ነው። በዋሻው ውስጥ የሚያዳምጡት ደግሞ የኔታ ነበሩ። እሳቸው «ውጡ» ሳይሉ ማንም አይወጣም።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ማለዳ፣ ሕዝቡ ዋሻ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከደብሩ በታች ባለው ጥርጊያ ስሄድ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ ተማሪ! ና ወዲህ!»

ስምንት አስካሪዎች፣ ማለት ለጠላት ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ እና አንድ ፈረንጅ ነበሩ። የጠራኝ አለቃቸው ነው፤ ሹምባሽ ተስፋይ ይሉታል። የሐማሴን ሰው ነው፤ አማርኛው የአገሩ ቃና ቢኖርበትም ጥሩ ነበር።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ቁራሽ ለምኜ ልመለስ ነው ጌታዬ።»

«ሰው በሌለበት አገር ከማን ነው የምትለምን? ከዝንጀሮ?»

አስካሪዎቹ ሣቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሹምባሹ ወደ ፈረንጁ በአገጩ እያመለከተ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አትፍራ። ይህ ሽማግሌ ሽፍታ አይፈልግም። ወርቅም አይፈልግም። ድንጋይ ነው የሚፈልግ። እኔም መጀመሪያ አላመንሁም። ልጆቹ የድንጋይ ሐኪም ይሉታል፤ እያንኳኳ የት ጋ እንደሚያመው ይጠይቀዋል። ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ከፊት ሂድ። ቦርሳውንም ያዝለት።»

ፈረንጁ አጭር፣ መነጽር ያደረገ፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። ቦርሳውን ራሱ አንሥቶ በትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ፤ ማሰሪያው አንገቴን እንዳይቆርጠኝ አየ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ይህም እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ ነገር ነው።

ከዋሻው ላርቃቸው ብዬ በሰሜኑ ሸንተረር በኩል መራኋቸው። ሰውዬው ግን የሚቸኩል አልነበረም። የሥራው ልማድ እንዲህ ነው፦ ከአንዱ ድንጋይ ፊት ይቆማል፤ በመዶሻው ሦስት ጊዜ ይመታል፤ የተፈለጠውን አንሥቶ አጉልቶ በሚያሳይ ትንሽ መስተዋት ይመለከታል፤ በደብተሩ ጥቂት ይጽፋል። ከዚያ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይመታል። የመዶሻው ድምፅ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ደረቅ ነበር፤ ከሃያ ክንድ አይርቅም። ስለዚህ ምንም አልጠረጠርሁም።

ስንወርድ ድንጋዩ ይለዋወጥ ጀመር። ፈረንጁ ይናገራል፤ ሹምባሹ እየሣቀም እየተገረመም ይነግረኛል።

«ከላይ ያለፍነው ጥቁሩ፣ ቀልጦ የፈሰሰ እሳት ነበር ይላል። ይህ ነጩ ደግሞ የባሕር ወለል ነበር ይላል።»

«በጎጃም ላይ ባሕር?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሱ የሚለውን ነው የምልህ።»

ወደ እኩለ ቀን ገደማ ከሁሉ በታች ያለው ድንጋይ ዘንድ ደረስን። ከሸንተረሩ ሥር ተራራ ከተራራ ተያይዞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ድንጋዩ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ መስመሩም እንደ ተጣጠፈ ጋቢ እየታጠፈ የሚሄድ ነው። ሌላው ደግሞ እንደ ብራና ቅጠል በቅጠል ይላጣል፤ ሲላጥም እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው ኖሬ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ፈረንጁ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። ሰው የታቦት መንበር ሲዳስስ እንኳ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም።

«ይህ ከሁሉም ይቀድማል ይላል» አለ ሹምባሹ። «ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነበረ፤ ከምድር በታች ተቀብሮ በሙቀትና በክብደት ታሽቶ ሌላ ሆኖ ወጣ ይላል። ስሙን ጠይቀው አለኝ። አገሬው ምን ይለዋል?»

«ዝንጉርጉር ድንጋይ» አልሁ።

«የሚላጠውንስ?»

«ድንጋይ ነው የምንለው።»

ፈረንጁ ሣቀና አንድ ነገር ተናገረ። አስካሪዎቹ ቋንቋውን ሳያውቁ አብረው ሣቁ።

«ምን እንዳለ ልንገርህ?» አለ ሹምባሹ። «‘እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ሺህ ዓመት ተቀምጠው፣ አንዲት ፊደል አልለዩበትም’ አለ።»

አንባቢዎቼ፣ ቅኔ ለሚቆጥር ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ደሜ ፈላ። መምህራኔን፣ አባቶቼን፣ ደብሬን የሰደበ መሰለኝ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዝም ማለት ግዴታዬም ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«የሚዘምር ድንጋይ አለን በለው!»

ሹምባሹ ቆመ። «የሚዘምር?»

«መረዋ ይባላል። አባቶቻችን ከሺህ ዓይነት ድንጋይ መርጠው፣ ፈልጠው፣ ደወል አድርገውታል። የትኛው ድንጋይ ድምፅ እንዳለው አያውቁም የሚል እሱ ማን ነው? ዐለቱ ከዚህ አይርቅም።»

ሹምባሹ ሲተረጉምለት የፈረንጁ ዓይን በራ። አሁን በልቤ የነበረውን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ዋሻው በማዶ እንዳለ አልዘነጋሁም። «ቁጥቋጦው ይጋርደዋል፤ ዐለቱን አይቶ፣ አፍሮ ይመለሳል» አልሁ። የመዶሻውን ነገር ግን ፈጽሞ አላሰብሁም። ከማለዳ ጀምሮ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ ሲመታ አጠገቡ ቆሜ ውዬ፣ ልቤ በገዛ ክብሬ ስለ ተሞላ፣ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም።

ዐለቱ ዘንድ ስንደርስ ፈረንጁ ዞሮ አየው፤ ሥሩን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከዚያ መዶሻውን አነሣ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«አይሆንም!» ብዬ ዘልዬ ክንዱን ልይዝ ስል አንዱ አስካሪ በጠመንጃው ሰደፍ ደረቴን መለሰኝ። መዶሻው ሦስት ጊዜ አረፈ። ዐለቱ ጮኸ። ድምፁ ማዶውን ነክቶ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። አስካሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ አማተበ። ፈረንጁ እንደ ሕፃን ሣቀ፤ መስተዋቱን አወጣ፤ ድንጋዩን አየ፤ በደብተሩ መጻፍ ጀመረ።

እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን አልደገምሁም። እንዳይደርስ ፈርቼ። ነገር ግን ጊዜው ያለ እኔ ቆጠረ።

«ጌታዬ ሹምባሽ፣ በቃው በለው! በእመቤታችን!» አልሁ።

«ምን ሆንህ አንተ? ራስህ አመጥተኸን!»

ፈረንጁ ደብተሩን በብብቱ ያዘ፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ሦስት ጊዜ ደገመ።

ዓይኔን ከማዶው ላይ ማንሣት አቃተኝ። ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቅል ያንጠለጠለች እጅ ወጣች፤ ከዚያ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ወጡ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኰሱ፣ ደብሩን የሚጠርጉ አሮጊት ነበሩ። ለሦስት ቀን የዋሻ ጠብታ ሲልሱ ሰንብተው ወደ ወንዙ ሲያዩ ፈገግ አሉ። በዚያ ርቀት ፈገግታቸውን አየሁ ብል አታምኑኝም ይሆናል። አይቻለሁ።

ጠመንጃ ጮኸ። ማን እንደ ተኰሰ እንኳ አላየሁም። ቅሉ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ወንዙ ገባ፤ እማሆይ ግን ወጥተው እንደ ቆሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ በጎናቸው ተኙ።

«ተመለሱ!» ብዬ ጮኽሁ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ተመለሱ! ተመለሱ!»

መመለሻ አልነበረም። መውጫው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ የገደል ጠርዝ ነው፤ ከኋላ ያሉት ይገፋሉ፤ ከፊት ያሉት ቆመዋል። ሕፃናት ያለቅሳሉ። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን ደግነዋል። ፈረንጁ በቋንቋው ይጮኻል፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ማንም የሚሰማው የለም።

በዚህ መካከል የየኔታን ድምፅ ሰማሁ።

«ቄስ፣ አይመለሱ! ወደ ፊት ይቅደሙ! ሕዝቡ፣ ለታቦቱ መንገድ ልቀቁ!»

ሰዎች ከገደሉ ጋር ተለጠፉ። የደብራችን ቄስ በመጎናጸፊያ የተሸፈነውን ታቦት በራሳቸው ተሸክመው ከሰው ሁሉ ፊት ወጡ። የኔታ የቄሱን የልብስ ጫፍ ይዘው ይከተላሉ። ከእማሆይ አጠገብ ሲደርሱ ቄሱ አንድ ጊዜ ቆሙ፤ ከዚያ ጠርዙን ወርደው ወደ ወንዙ፣ ወደ እኛ፣ ወደ ጠመንጃዎቹ አፍ መጡ። ሕዝቡ ተከተለ። ሲያዜሙ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሹምባሽ ተስፋይን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ታርቡሽ ቆቡን ከራሱ አወለቀ። ጠመንጃውን በድንጋዩ ላይ አኖረ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው በግንባሩ መሬት ላይ ተደፋ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። በመጨረሻ የተደፋው አስካሪ ትከሻው ይርገበገብ ነበር፤ የተኰሰው እሱ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ከጠላት ወገን ቆሞ የቀረ ፈረንጁ ብቻ ነበር፤ መዶሻው በእጁ፣ አፉ ተከፍቶ።

እኔም ተደፋሁ። ሹምባሹ ፊቱን ከምድር ሳያነሣ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው ተናገረ።

«ፊታችን መሬት ላይ እስካለ ድረስ ያየነው የለም። ፈጥናችሁ እለፉ በላቸው። ነገ ሌላ ጦር ቢመጣ ይህ ዋሻ ባዶ ይሁን።»

ብድግ ብዬ ለቄሱ ነገርሁ። ሕዝቡ ወንዙን ተሻግሮ በታችኛው ጥርጊያ ወደ ዓባይ በረሃ ማለፍ ጀመረ። ሁለት ሰዎች እማሆይን በጋቢ ተሸከሙ። አንዲት ሴት በአጠገቤ ስታልፍ «ዲያቆን፣ አንተ ከእነዚህ ጋር ምን ትሠራለህ?» ብላ ጮኸችብኝ።

«ተይዞ ነው፣ አይታይሽም?» አሉ የኔታ ከኋላዋ። ድምፄን ከማዶ ሆነው ለይተውታል።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን አገኙ። በላዩ ያለውን የፈረንጁን ቦርሳ ዳሰሱ። በውስጡ ያለውን ድንጋይ ዳሰሱ።

«አንተ ነህ ያመጣኸው?» አሉኝ፤ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ተገደህ?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። «ለመንገዱ ተገድጄ፤ ወደ ዐለቱ ግን በፈቃዴ። አላዋቂዎች ናቸው ብሎ ሰደበን። መረዋውን ላሳየው ብዬ…»

እጃቸው በትከሻዬ ላይ ከበደ።

«የእማሆይ ሁለቱ ልጆች ጫካ ናቸው፤ ጠመንጃ አላቸው። ይህን ቢሰሙ የእናታቸውን ደም ከአንተ ይመልሳሉ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ሬሳ አልፈልግም። እኔ እስክሞት ድረስ ይህን ነገር ብታወጣ ገዝቼሃለሁ።»

«የኔታ፣ ታዲያ ሕዝቡ ማን አጠፋ ይላል?»

ወደ ሕዝቡ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ያሳትኋችሁ እኔ ነኝ! ጆሮዬ አርጅቷል። የባዕድ መዶሻ ከልጃችን እጅ መለየት አቃተኝ። እግዚአብሔር ይፍታኝ በሉኝ።»

ማንም ይፍታዎት አላለም። እማሆይን የተሸከሙት ሰዎች ሳያዩአቸው አለፉ።

የመጨረሻው ሰው ከተሰወረ በኋላ አስካሪዎቹ ተነሡ። ማንም ማንንም አላየም። ፈረንጁ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ከፈተ። ለሹምባሹ አንድ ነገር ተናገረ።

«የሴትዮዋን ስም ይጠይቅሃል» አለኝ ሹምባሹ፣ መሬት መሬት እያየ።

ከማለዳ ጀምሮ ስም ስነግረው የዋልሁት ሰው ነው። ያን አንድ ስም ግን ከለከልሁት። ሹምባሹም አልደገመውም። ቦርሳውን ከትከሻዬ አውርዶ በገዛ ትከሻው አደረገና «ሂድ» አለኝ። ሄድሁ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ከሦስት ቀን በኋላ ጦር መጣ፤ ዋሻውን ባዶ አገኘው፤ በጭስ አጠነው። ማን እንደ ጠቆመ አላውቅም። ሹምባሹ አስቀድሞ ባይናገር ኖሮ ስንት ሰው ያልቅ እንደ ነበር ሳስብ፣ ጠላቴ ማን ወዳጄስ ማን እንደ ነበረ ለመለየት እስከ ዛሬ እቸገራለሁ።

ጠላት ከአገር ወጣ፤ ደብራችን ተሠራች። የኔታ ግን ወደ ቀድሞ ክብራቸው አልተመለሱም። ጆሮው ከማይታመን የቅኔ መምህር ዘንድ ማን ይማራል? ተማሪዎቻቸው አንዳንዱ ወደ ዲማ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከአርባው አራት ቀረን፤ በመጨረሻ እኔ ብቻ። በጉባኤ መካከል «ይህ ቃል ዜማው ተሰብሯል» ሲሉ፣ ካህናቱ ዓይን ለዓይን ተያይተው ሲሣቁ አይቻለሁ። ቃሉ ዜማው በእርግጥ ተሰብሮ ነበር። የእማሆይ ልጆች በዓመት በዓል እንኳ እጃቸውን አልሳሙላቸውም። ሁለት ጊዜ በየኔታ እግር ላይ ወድቄ «ይፍቱኝና ልናገር» ብዬ ለመንኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ «ቅኔህን ቁጠር» አሉኝ።

ሲያርፉ ወንበራቸውን እኔ ወረስሁ። በእሳቸው ውርደት ላይ ተቀምጬ አርባ ዓመት አስተማርሁ፤ መሪጌታ ተባልሁ፤ ተከበርሁ። ግዝቱ በሞታቸው ተፈትቶ ነበር፤ ያኔ መናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርሁም። የእማሆይ ልጆች በሕይወት ነበሩ፤ ፈራሁ። ኋላም እነሱ ሲሞቱ አፈርሁ። ፍርሃትና ኀፍረት እየተቀባበሉ ዕድሜዬን በሉት።

ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች ያን ድንጋይ «ልውጥ አለት» ይሉታል፤ በሙቀትና በክብደት የተለወጠ ማለታቸው ነው። የልጅ ልጄ ከመጽሐፉ ሲያነብልኝ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ምን ሆንህ ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ይህ ጽሑፍ ነው። እኔን የለወጠኝ የተናገርሁት አንድ ቃል ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ የተሸከምሁት ዝምታ ነው። እናንተ ወጣቶች፣ ዕውቀታችሁ ሲሰደብ የሚፈላውን ደም ፍሩት። እኔ ለአባቶቼ የተበቀልሁ መስሎኝ አባቴን ሸጥሁ።

በአገራችን ዛሬም የእኒያን ሽማግሌ ስም የሚያነሡ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ሲያነሡም «ጆሮአቸው ከድቷቸው ሰው ያስገደሉ መምህር» ይላሉ። ያን ቀን የተመታው ድንጋይ መረዋው ነበር፤ አመታቱም ሦስትና ሦስት ነበር፤ በመካከሉ ያለው ዝምታም ልኩን የጠበቀ ነበር። የኔታ ገብረ ጻድቅ በትክክል ሰምተው ነበር።